በአሥራ አራት ቁጥር ጋወን ላይ ያለው ደም

ይድረስ ከእናታችን ቀጥሎ በጀርባሽ አዝለሽ ላሳደግሽኝ፣ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ።

እንደምን ከርመሻል? ሰላምታዬ ከደጃፍሽ ገብቶ ጉልበትሽን ይሳም። ሳልሽ ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ደረትሽን ይዘሽ ነው የምትውይው? ጋሼስ ጥርሳቸውን አስነቀሉ ወይስ አሁንም በአንድ ጎን እያኘኩ ሐኪሞችን ይረግማሉ? ልጆቹ እንዴት ናቸው? ያቺ ጣሪያዋ የሚያፈሰው ጓዳስ ተጠገነች? እኔማ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም፤ በኔም ምክንያት ደህና ያልሆነች ሰው አለች።

ከነገ ወዲያ ሐሙስ ችሎት ፊት እቆማለሁ። እዚያም በአንድ ጋወን ላይ ያለው ደም የራሴ መሆኑን ዳኛውም ሰዉም እየሰማ እናገራለሁ። ካልተናገርኩ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ፅንሷን በመድኃኒት አስወረደች ተብላ ትቀራለች፤ የደበደባት ባሏም የተበደለ ሰው ሆኖ ይወጣል። ወሬው ከሰው አፍ እንዳይደርስሽ ብዬ ከሥር ከመሠረቱ ልጻፍልሽ።

እንደምታውቂው የምሠራው የሆቴልና የሆስፒታል ልብስ በሚታጠብበት ትልቅ ቤት ውስጥ፣ ካውያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ቆመን አንሶላ እንተኩሳለን። አምና ክብደቴ ዘጠና ስምንት ኪሎ ደርሶ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ሴቶቹ «እማማ ፍራሽ» ይሉኛል፤ ልቀመጥ ስል «ኧረ ለወንበሩ እዘኑለት!» ይላሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ አፍ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። አንድ ቀን ግን ደረጃው መሀል ትንፋሽ አጥሮኝ ስቀመጥ ሳቄን ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። በሳምንት አንዴ ሆድ ላይ የሚወጋ፣ እስክሪብቶ የሚመስል የክብደት መቀነሻ መርፌ አለ ሲባል ሰምቼ ነበርና ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቱ ሐኪም አይቶሽ ነው ወይ ሲለኝ አዎ አልኩት። ውሸቴን ነው። አብሮት ያለውን ወረቀት ራሴ አነባለሁ ብዬ ተማመንኩ። ስኳር የተጠቀለለበትን ብጫቂ ጋዜጣ እያጠራቀምሽልኝ ፊደል ከለየሁ ጀምሮ፣ የተጻፈ ሁሉ እውነት፣ ያልተጻፈ ደግሞ የሌለ ይመስለኛል።

በአራት ወር ሃያ አንድ ኪሎ ወረደልኝ። ምግብ ሳይ ሆዴ ይዘጋል፣ ደረጃውን ግን ሳላርፍ እወጣው ጀመር። አንቺም በስልክ ነግሬሽ ለኔም ላኪልኝ ያልሽኝ ያኔ ነው። በአምስተኛው ወር ግን ሰውነቴ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ካረጥኩ አምስት ዓመት አልፎኝ ሳለ ጡቴ እንደ ልጃገረድ ጡት አብጦ ይቆጠቁጠኝ ጀመር። የረሳሁት ትኩሳት ተመልሶ ከአንገቴ እስከ ጆሮዬ ይለበልበኛል። ንዴቱ ደግሞ የባሰ ነው። ጎረቤቴ ባልዲዬን በእግሯ ገፋ ብታደርገው ፀጉሯን ይዤ ከግድግዳው ጋር አላተምኳት። እኔ እኮ ነኝ እትዬ! ደግሞ አንድ ቀን አጠገቤ የምትተኩሰዋ «እማማ ፍራሽ፣ ጥጡን ለማን ሸጥሽው?» ብላ ብትቀልድብኝ፣ የጋለውን ካውያ አንስቼ ከፊቷ ስንዝር ሲቀረው አቆምኩት። የምቀልድ መስሏቸው ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን እጄን ምን እንደያዘልኝ ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ ደሙ መጣ። መጀመሪያ ጠብታ ነበር፤ በሳምንቱ ጨርቅ የሚያርስ ሆነ። ወረቀቱን አውጥቼ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ማቅለሽለሽ ይላል፣ ድርቀት ይላል፣ ራስ ምታት ይላል። ደም አይልም። እንግዲያው መርፌው አይደለም አልኩ። ሐኪም ዘንድም አልሄድኩም። ባሌን ከቀበርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ባል የሌላት ሴት በሃምሳ ሦስት ዓመቷ ደም ፈሰሳት ቢባል ምን ምን እንደሚወራ ጠፍቶኝ አይደለም። ጨርቅ ደራርቤ ዝም አልኩ። መርፌውንም አላቆምኩም፤ ሰባ ሰባት ኪሎ ደርሼ መተው አሳሳኝ።

እየከሳሁ ስሄድ ጋወኔ ሰፋብኝ። ባለፈው ወር አንድ ሰኞ ጠዋት እጅጌዬ አንሶላ በሚጠቀልለው ማሽን ሊያዝ ለጥቂት ሲተርፍ፣ አለቃችን ጮኻ ሂጂና የሚያክልሽን ልበሺ አለችኝ። ሎከር የምጋራት ሙሽሪት የምንላት ልጅ ናት። ካገባች ዓመቷ ነው፤ ባሏ ልብሱን የሚያመላልሰው ሾፌራችን ነው። ሙሽሪት ሁለተኛ ጋወኗን አውጥታ «እንኪ እትዬ፣ አሁንማ ልካችን አንድ ሆኗል» ብላ በገዛ እጇ አለበሰችኝ። ደረቱ ላይ አሥራ አራት ቁጥር ተጠልፎበታል፤ በእንፋሎቱ መሀል ግን የማንን እንደለበስኩ ያስተዋለ አልነበረም። ከለበስኩት ሦስት ሰዓት እንኳን ሳይሞላኝ፣ ቆሜ ስተኩስ ደሙ በአንድ ጊዜ ወርዶ ከኋላ አራሰኝ። በአንሶላ ጋሪ ተከልዬ ወጣሁና ጋወኑን አውልቄ በላስቲክ ጠቅልዬ ሎከራችን ውስጥ ከታች ወሸቅኩት። ወደ ቤት ልወስደው ነበር። ደም በቀዝቃዛ ውሃ እንደሚለቅ ሃያ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ያጠበች ሴት አይጠፋትም። ወገቤ ግን ሊቆረጥ ደርሶ ስለነበር ረስቼው ወጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት አለቃችን ሳሙና ጠፋ ብላ ሎከር ስትፈትሽ አገኘችው። ዘርግታ እንፋሎቱ ቧንቧ ላይ ሰቀለችውና «አሥራ አራት ቁጥር የማናት? ትውጣ!» አለች። ሙሽሪት የኔ ነው፣ ደሙ ግን የኔ አይደለም አለች። ሴቶቹ ተንጫጩ። አንዷ ይሄማ የወር አበባ አይደለም፣ የወረደ ነገር ነው አለች። ሌላዋ ሎከሩ እኮ የሁለት ሰው ነው ስትል፣ ያቺ አጠገቤ የምትተኩሰዋ «እማማ ፍራሽን ነው? እሷ እንደሁ ከዚህ ነገር ጡረታ ከወጣች ቆየች!» አለችና ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። የጡረታው ቀልድ የራሴ ነበር፤ ስንት ጊዜ አስቄያቸዋለሁ። ሙሽሪት ቀና ብላ አየችኝ። እንድናገር ጠበቀችኝ። እኔ ካውያዬን አየሁ። ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች፤ አሳልፋ አልሰጠችኝም። ጋወኑ እስከ ምሳ ሰዓት ተሰቅሎ ዋለ፤ እኔም ከሥሩ አርባ አንሶላ ተኮስኩ።

በምሳ ሰዓት ሾፌሩ ልብስ ሊጭን መጣ። ደጅ ላይ የነገረው አለ፤ ማን እንደሆነች እስካሁን የምታምን የለችም። ለካ ሙሽሪት የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ኖራለች፤ ከሷና ከሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ገብቶ ጋወኑን አየ፣ ቁጥሩን አየ። «ልጄን የት አደረስሽው?» አለና በጥፊ ጆሮ ግንዷን መታት። የኔ አይደለም፣ የኔ አይደለም ትላለች እንጂ ስሜን አልጠራችም። ፀጉሯን ጠቅልሎ ይዞ ግንባሯን ከጠረጴዛው ጠርዝ አጋጨው። ስትወድቅ ሆዷን በጫማው ረገጠው፤ አንዴ አይደለም። ሃያ ሴት ቆመን አየን። አለቃችን ኧረ በቃህ፣ ኧረ ተው ትላለች፤ የቀረበ ግን የለም።

ያኔ ያ ትኩሳት ከሆዴ ተነስቶ አናቴን መታው። ከፈላው ገንዳ ልብስ የምናወጣበት የእንጨት ዱላ አጠገቤ ነበር፤ ቁመቱ የኔን ያህላል፣ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ዳግም ሊመታት ባነሳው ክንድ ላይ አሳረፍኩበት። አጥንቱ ሲሰበር በማሽኑ ጩኸት መሀል ሰማሁት። «ደሙ የኔ ነው! የኔ!» አልኩ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ሊዞርብኝ ሲል ጀርባውን ደገምኩት። በጉልበቱ ወድቆ ሳለ ሦስተኛውን ትከሻው ላይ ጨመርኩ፤ አራተኛውን ልሰነዝር ስል ሴቶቹ ዱላውን ከነእጄ ያዙት። እትዬ፣ አንቺን ደብቄሽ አላውቅም፤ ሦስተኛው ደስ አለኝ። ዳኛው ከጠየቀኝ ለሱም እነግረዋለሁ። አንዱ ቃል ግን በጠዋት ቢወጣ ኖሮ ዱላ ባላስፈለገም ነበር።

የሙሽሪት ፅንስ የዚያኑ ዕለት ወረደ። ባሏ ግን ከመምታቴ በፊት በመድኃኒት አስወርዳዋለች፣ ማስረጃውም ጋወኑ ነው ብሎ ለፖሊስ ቃል ሰጠ፤ ሐሙስ ችሎቱ የሚያየው ይህንን ነው። ቀኝ ጆሮዋ ከእንግዲህ አይሰማም ተብሏል። እኔ ሁለት ቀን ፖሊስ ጣቢያ ተቀመጥኩ፤ ያስፈታችኝ አለቃችን ናት፣ ያንን ጋወን በሰቀለችበት እጇ የዋስ ወረቀት ፈረመችልኝ። ጣቢያው ወንበር ላይ ደሜ ሲፈስ ያየችው ፖሊስ ናት ሐኪም ዘንድ የወሰደችኝ። ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ወረቀቱ ላይ ደም አይልም እኮ አልኳት። እማማ፣ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ሁሉ አይደርስም ማለት አይደለም አለችኝ። የሰውነት ስብ ዝም ብሎ የተለጠፈ ሞራ ሳይሆን የሴት ሆርሞን የሚሠራና የሚያከማች ነው፤ ክብደት በፍጥነት ሲወርድ ሆርሞኑ ተዛብቶ ማህፀን ሊያደማ ይችላል፤ መርፌው ነው ብዬ ግን አልምልልዎትም አለች። ካረጡ በኋላ የመጣ ደም ጠብታም ቢሆን ካንሰር አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ይመረመራል ብላ ከማህፀኔ ናሙና ወሰደች። መርፌውንም ለጊዜው አስቆመችኝ። ንዴቱስ ብላት፣ ሆርሞን ሰውን ሊያነጫንጭ ይችላል፣ ዱላ ግን አያስይዝም አለችኝ። ሳቅኩ፤ መልሼ አለቀስኩ። የናሙናው ውጤት ገና አልደረሰም።

ሙሽሪትን ሆስፒታል ሄጄ አየኋት። የተኛችበት አንሶላ እኔ የተኮስኩት ይሁን አይሁን እንጃ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት «ጠዋት ብትናገሪ ኖሮ» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የተገለጠ እግሯን በአንሶላው ሸፈንኩላት። ልወጣ ስነሳ ሳትዞር ሐሙስ ትመጪያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እመጣለሁ አልኳት። በደህናው ጆሮዋ መስማቷን ለማወቅ ደግሜ እመጣለሁ አልኩ።

ትናንት የሾፌሩ ታላቅ ወንድም ከሥራ ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ትሁት ሰው ነው፣ እናቴ እናቴ እያለ ነው የሚያወራው። ወንድሜ ስለ ክንዱ እንዳይከስዎት አደርጋለሁ፣ እርስዎም ስለ ደሙ አያንሱ፤ ጋወኑ ላይ ያለው ቁጥር የሷ ነው፣ ቁጥሩ ይናገር አለኝ። ካልሆነ ግን ለሰበሩት ክንድ እስር ቤት ይገባሉ፣ ደግሞስ በዚህ ዕድሜዎ ስለ ማህፀንዎ በአደባባይ ሲወራ አያፍሩም ወይ አለኝ። አፍራለሁ አልኩት። በጣም አፍራለሁ፣ ግን እናገራለሁ። ሐኪሟ የጻፈችው ወረቀት በቦርሳዬ ነው፤ በችሎቱ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ታስሬም እንደሆነ እጅ የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ እታሰራለሁ። እሷን ግን በኔ ደም አያስሯትም።

እትዬ፣ መርፌውን አልክልሽም፤ አትቀየሚኝ። ከፈለግሽው ሐኪም አይቶሽ፣ ለክቶሽ፣ ካረጥሽ ስንት ዓመት እንደሆነሽ ጠይቆሽ ይዘዝልሽ። ካልታዘዘልሽ ወፍራም እህቴ ሆነሽ ኑሪልኝ። የደም ጠብታ ካየሽ ግን ልጅነቴ ተመለሰ ብለሽ እንዳትስቂ፣ እንደኔም ጨርቅ ደራርበሽ እንዳትቀመጪ፤ በዚያው ቀን ተነስተሽ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ለጋሼ ባሉበት ሰላምታዬ ይድረሳቸው፣ ጥርሱን ያስነቅሉት በይልኝ። ለትልቁ ልጅሽና ለሚስቱ፣ አዲስ ለተወለደችው ሕፃን፣ ለዚያ ሥራ ሲታዘዝ እግሩን ለሚያመው ለመጨረሻው ልጅሽ፣ ግድግዳ ለምትጋሩት ጎረቤትሽም ጉንጫቸውን ስሜያለሁ በይልኝ። እኔ ደግሞ ይህን ደብዳቤ ዓይንሽ ስለደከመ የምታነብልሽን ሴት ልጅሽን አንድ ነገር ልለምናት። የእህቴ ልጅ፣ አባትሽና ወንድሞችሽ እንደልማዳቸው ዙሪያሽን ተቀምጠው እንደሚሰሙ አውቃለሁ። ምናልባት ደሙ ጋ ስትደርሺ አፍረሽ ዘለሽዋል፤ ወይም ለእናትሽ ብቻ በጆሮዋ ነግረሻት ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ተመለሺና ከመጀመሪያው፣ ሁሉም እንደተቀመጡ፣ ድምፅሽን ሳትቀንሺ አንብቢላቸው።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ማክሰኞ መጋቢት ፲፯ ቀን