አራስ ሊጠይቁ መጥተው ገምግመውኝ ለሄዱት ኃላፊ

ለክቡር አቶ ዳልጮ ጦና
የመምሪያችን ኃላፊና የደረጃ እድገት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ወላይታ ሶዶ

ሐምሌ 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ስለተደረገልኝ ርኅራኄ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ የወገብዎ ሕመም ተሽሎዎት ክረምቱን ከነቤተሰብዎ በደኅና እንዲያሳልፉ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በመምሪያዎ ስምንት ዓመት በዐቃቤ ሕግነት ያገለገልኩት፣ የሁለት ወር ሕፃን እናት የሆንኩት አሳየሽ ደገፉ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህችን «ደኅና ነኝ» የምላትም በብርቱ ጥንቃቄ ነው፤ ስለ ጤንነቴ የምናገረው ቃል በመምሪያችን የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ዛሬ ጠዋት ተምሬያለሁና።

ዛሬ ጠዋት የወሊድ ፈቃዴን ጨርሼ ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ደብዳቤ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ደግሞ አንድ ቃለ ጉባኤ ጠበቁኝ። ደብዳቤው እስከ ሰኞ ሐምሌ 27 ቀን ድረስ ከሶዶ ርቃ ወዳለችው ቤሌ ሄጄ ሥራ እንድጀምር ያዛል፤ ካልተገኘሁ በራሴ ፈቃድ ሥራዬን እንደለቀቅሁ ይቆጠራል። ቃለ ጉባኤው ደግሞ በሚያዝያ ወር ተፈትኜ አንደኛ የወጣሁበት የቡድን መሪነት ቦታ ሁለተኛ ለወጣው ለአቶ ዘሩባቤል መሰጠቱን ያበሥራል። ለግልጽነት ሲባል ለሁሉም እንዲለጠፍ የወሰኑት እርስዎ ስለሆኑ፣ እኔም አርአያነትዎን ተከትዬ ይህን ደብዳቤ ከጎኑ ለጥፌዋለሁ። ምስጋናዬም እንደሚከተለው ነው።

1. በቅድሚያ ስለ ማርች ስምንት። የካቲት 29 ቀን፣ ሆዴ ስድስት ወር አልፎት፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ ቆሜ ስለ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ጽሑፍ እንዳቀርብ ስለመረጡኝ አመሰግናለሁ። ወንበር ያሰበልኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ ነፍሰ ጡር ዐቃቤ ሕግ ወንበር ከጠየቀች ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ሴቶች በእናትነታቸው ምክንያት ከሥራ እድገት ወደ ኋላ መቅረት እንደሌለባቸው ያነበብኩ ጊዜ ከፊተኛው ረድፍ ቀድመው ያጨበጨቡት እርስዎ ነበሩ። በዕለቱ የሰጡኝ የምስክር ወረቀት ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ፊርማው ቤሌ ሂጂ ከሚለው ደብዳቤ ፊርማ ጋር አንድ ነው።

2. ልጄ የተወለደው ግንቦት 20 ቀን ነው፤ ስለዚህ በአመለካከቱ የሚጠረጠርበት ምክንያት የለም። እሑድ ሰኔ 7 ቀን፣ ከቸርች መልስ፣ እርስዎ፣ የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ ብሩና ሌሎች ሁለት አባላት የሕፃን ብርድ ልብስ ይዛችሁ አራስ ልትጠይቁ ቤቴ መጣችሁ። መምጣታችሁ ሲሰማ እኔ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ ነበር፤ አማቴ ወይዘሮ ሽታዬ እጄን ይዘው አልጋ ላይ ወርውረውኝ እስከ አንገቴ ሸፈኑኝ። በእኛ አገር አራስ ቶሎ ከተነሳች የምትታማው አማቷ እንደሆነች፣ እንግዳ ፊት «በርትታለች» ማለትም ዓይን መጥራት እንደሆነ፣ እዚሁ ተወልደው ላደጉት ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።

አቶ ብሩ ረጅም ጸሎት አደረጉ። ገንፎ ቀረበ፤ እርስዎም ቅቤ እንዲጨመርልዎ ጠይቀው ተጨመረልዎ። ከዚያ አቶ ብሩ «አይዞሽ እህቴ፣ አሁን ሥራ የሚባል ነገር እንዳታስቢ» ሲሉኝ፣ እኔም ማንኛዋም አራስ እንደምትለው «ኧረ ምን አቅም አለኝ ብላችሁ» አልኩ። አማቴም ተቀብለው እንኳን ለሥራ ለመቀመጥም እንዳልደረስኩ ተናገሩ። እናንተም መርቃችሁ ሄዳችሁ። ልጄን መርቃችሁልኝ እንደሄዳችሁ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አምን ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ የተጻፈው ቃለ ጉባኤ ግን ይህን ጥየቃ «የመስክ ምልከታ» ይለዋል። ቃል በቃል እነሆ፦ «ኮሚቴው ባለሙያዋ በምትገኝበት ቦታ በአካል ተገኝቶ ባደረገው ማጣራት፣ ባለሙያዋ አቅም እንደሌላት በራሷ አንደበት ያመነች ሲሆን፣ ለመቀመጥም ያልደረሰች ስለመሆኗ የቅርብ ቤተሰብ መስክሯል።» ክቡርነትዎ፣ እኔ በሬ ሰርቀሃል የተባለ ሰው እንኳ የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል ሳይነገረው ለምን ቃሉን ተቀበላችሁ እያልኩ ከፖሊስ ጋር ስጨቃጨቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለአራስ ይህ ማስጠንቀቂያ እንደማያስፈልግ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ነግራችሁኝ ቢሆን ኖሮ ከአልጋዬ ወርጄ ገንፎውን በእጄ አቀርብላችሁ፣ ካስፈለገም የወንጀል ሕጉን ከመጀመሪያው አንቀጽ ጀምሬ በቃሌ እወጣላችሁ ነበር።

3. የአቶ ዘሩባቤል ባለቤት ከእኔ ሦስት ሳምንት ቀድማ ወልዳለች። ይህም በቃለ ጉባኤው አልተዘነጋም፦ «በቅርቡ የልጅ አባት የሆነ በመሆኑ የተረጋጋና የኃላፊነት ስሜት ያደረበት»። ሕፃን አባቱን ሲያረጋጋ እናቱን ከሥራ ውጭ እንደሚያደርግ በሕግ ትምህርት ቤት አልተማርኩም ነበር፤ ዕውቀቴን ስላሰፉልኝ አመሰግናለሁ። አቶ ዘሩባቤል ዛሬ ኮሪደር ላይ ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። በእርሱ አልፈርድም፤ ሰጡት፣ ተቀበለ። ለፈተናው አብረን ነው ያጠናነው፤ ያጠናንበት ማስታወሻም የእኔ ነበር።

4. ቃለ ጉባኤው «ለባለሙያዋ በማሰብ» ይልና «የሥራ ጫናው ቀለል ወዳለበት» ቤሌ ይመድበኛል። ከእኔ ጠረጴዛ እስከ ቡድን መሪው ክፍል አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ዛሬ ቆጥሬዋለሁ። አሥራ አንድ እርምጃ መሄድ ያልቻለች ሴት በዚህ ክረምት፣ በዚህ ጭቃ፣ የሁለት ወር ልጅ ታቅፋ በቤሌ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ የማታውቀው አገር ቤት ተከራይታ፣ በማግስቱ ችሎት መቆም እንደምትችል ኮሚቴው በምን ምልከታ እንዳረጋገጠ ቢገለጽልኝ ደስ ይለኛል። ባለቤቴ ታምራት እዚሁ ሶዶ አስተማሪ መሆኑን ያውቃሉ፤ ከገንፎው ላይ ስለ ልጆችዎ ሒሳብ ትምህርት ሲያማክሩት ነበር።

5. አምስተኛውን በጨዋ ቋንቋ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝምና ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ደብዳቤውን ቆሜ ሳነብ የልጄ መጥቢያ ሰዓት ደርሶ ሸሚዜ በወተት ረጠበ። ፋይል ደረቴ ላይ አቅፌ፣ የሥራ ባልደረቦቼ እንዳያዩኝ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ወጣሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከዳኛ ፊት ስቆም አንገቴን ደፍቼ አላውቅም፤ ዛሬ ግን የምደብቀው ጥፋት ሳይኖርብኝ ተደበቅሁ። በጣም ተናድጃለሁ። በእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ተደብቄ በመውጣቴ በራሴም ተናድጃለሁ።

አማቴ የሆነውን ሲሰሙ ምሳ አልበሉም። የራሳቸው አፍ እንዳጠፋኝ ነው የሚያምኑት። ቢሮ ውሰጂኝና ቃሌን ልመልስ፣ ዋሽቼ ነው፣ ልብስ ስታሰጣ ነበር ብዬ ልንገራቸው እያሉ በወላይትኛ ሲለምኑኝ ነው የዋሉት። ስልሳ ዓመት በሰው ፊት ውሸት ተናግረው የማያውቁ ሴት፣ ለልጅ ልጃቸው ዓይን ሰግተው ለእንግዳ የተናገሯት አንዲት ቃል የምራታቸውን እንጀራ ልትወስድ መሆኑን ሰምተው እንዴት እንደሚያድሩ እኔ አላውቅም። ኮሚቴው በምስክርነት የጠቀሳቸው ከሆነ ለማጽናናትም እርሱ ቢመጣ መልካም ነው፤ ቤቱን ያውቀዋል።

ክቡር ሆይ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው «በራሷ ፈቃድ» የሚለው ሐረግ ነው ልቤ ውስጥ የሚቀረው። ያን ሐረግ ከእኔ አያገኙትም። በውሳኔው ላይ ያለኝን ይግባኝ ዛሬ ከሰዓት ለበላይ አካል አስገብቻለሁ፤ መልስ እስኪመጣ ድረስም ሰኞ ጠዋት ልጄን ይዤ፣ ጓሯቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው ከሚከተሉኝ ከአማቴ ጋር ቤሌ ቢሮ በር ላይ ቆሜ እገኛለሁ። ታምራት ሶዶ ብቻውን ይቀራል፤ ልጁን ቅዳሜ ቅዳሜ ያያል። ፈቃዴ አለመሆኑን ግን ከዚህ ሰሌዳ ፊት የሚያልፍ ሁሉ ያንብብልኝ።

ለደካማ ሴቶች የሚራራው ልብዎ እንዳይደክም፣ መርምሮ የማይጠግበው ዓይንዎ እንዳይፈዝ፣ ፊርማዎም ምንጊዜም ቀለም እንዳያጣ ከታላቅ አክብሮትና ከዝቅታ ጋር እየተመኘሁ፣

በራሷ አንደበት ያመነችው
አሳየሽ ደገፉ
ዐቃቤ ሕግ

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው
ለወይዘሮ ሽታዬ (በወላይትኛ የሚነበብላቸው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለክረምቱ የተግባር ልምምድ ወደ ቢሯችን የላኳት ልጅዎ ሜላት ጎበዝ የሕግ ተማሪ ናት። ዛሬ ቃለ ጉባኤውን ቆማ ስታነብ አገኘኋት። አንብባ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ፣ ስትመረቅ ልጅ ከመውለዷ አስቀድማ ሥራ ብትይዝ ይሻላት እንደሆነ፣ ወይስ ልጅ የሚባለውን ሐሳብ ከነአካቴው ብትተወው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። ጉዳዩ ከሥልጣኔ በላይ በመሆኑ ውሳኔ መስጠት ወደሚችለው ሰው መርቻታለሁ፤ ዛሬ ራት ላይ ትጠይቅዎታለች።