ዳማከሴዬና የሙሽራው ከንፈር

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.፣ ጠዋት
ዛሬም ፊቴን የታጠብኩበትን ውሃ ለዳማከሴዋ አጠጣኋት። ማስታወሻዬ ሆይ፣ አሁንም እንደጠወለገች ናት። ከጅጋ ገበያ ቅርንጫፏን ይዤ ስመጣ፣ ቤት ያከራዩኝ እትዬ ጥሩነሽ ስቀውብኛል። በበጋ የተተከለ አይጸድቅም አሉ። ደግሞስ የምች መድኃኒት ጓሮ ነው እንጂ እንደ ጽጌረዳ በዘይት ቆርቆሮ መስኮት ላይ ይቀመጣል ወይ? እኔ ሽታዋን እወዳለሁ። በቃ።

ኅዳር ፳፱
አቆጠቆጠች! ት/ቤት የደረስኩት እየዘለልኩ ነው። ተማሪዎቼ መምህርታችንን ምን ነካት ሳይሉ አልቀሩም።

ታኅሣሥ ፳፫
ቆርቆሮውን ሰማያዊ ቀባሁት። ዳማከሴዋ ሞልታ ወደ ውጭ ተዘናፍላለች። እትዬ ጥሩነሽ ራሳቸውን ሲያማቸው መጥተው ቀነጠሱ፤ አሽተው ማግ አደረጉ። ዛሬ አልሳቁም። ሠርጌም ደርሷል፤ ጥር ፳፪፣ እሑድ። እጮኛዬ ዓለሙ ቡሬ ላይ ቤታችንን ኖራ እያስቀባ ነው። ደስታዬን የት ላድርገው!

ጥር ፲፯፣ ከሰዓት
ጉድ ሆንኩ። የቡሬው አውቶቡስ ሾፌር መልእክት አመጣ። ዓለሙን ምች መትቶታል። ትኩሳት አለው፤ ከንፈሩ አብጧል። እናቱ እንዲህ ሆኖ አይዳርም ብለዋል። ጾሙ ሊገባ ስለሆነ ከፋሲካ በኋላ ይሁን አሉ። ጠላው ተጠንስሶ! አለቀስኩ። ቀና ስል መስኮቱ ላይ ዳማከሴዬ።

ጥር ፲፰
ቆራርጬ በመሀረብ ጠቀለልኳት። እትዬ ጥሩነሽ ጮሁ፤ ሙሽራ በእግሯ ወደ ወንድ ቤት? ኋላ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው አውቶቡሱ ላይ ቀድመውኝ ወጡ። ቡሬ ስንደርስ እኔ ሻይ ቤት ተከናንቤ ቀረሁ፤ ቅጠሉን እሳቸው ይዘው ሄዱ። ጨምቀው ገላውን አሹት፣ አስሸተቱት። እኔ ሻይ ቤት መኖሬን ሲሰማ ግን ማን ይያዘው! ጋቢውን ተከናንቦ መጣ፤ እናቱ እየተቆጡ ከኋላ። ከንፈሩ እንጎቻ አክሏል። ሳቄ አመለጠኝ።
“አታስቂኝ፣ ያመኛል!”
እናቱ ሰው ምን ይላል አሉ።
“እማዬ፣ ‘እሺ’ ለማለት ይህም ከንፈር ይበቃኛል።”
በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ጥር ፲፱፣ ጠዋት
ሾፌሩ መጣ። ዓለሙ አልቦት አድሮ ትኩሳቱ ለቆታል። እብጠቱ ግን እንዳለ ነው። እናቱ የፈቀደችው ይሁን ብለዋል። የፈቀድኩት! ሾፌሩ መልሴን ይዞ ሊሄድ ክላክስ ይነፋል። ምን አስባለሁ? እብጠቱ ቢጎድልም ባይጎድልም ሠርጉ እሑድ ነው። ሮጬ ልንገረ—