ሦስተኛ የወጣችበት እሁድ

ሐምሌ 3

ዝናብ የለም። ጠብሼ የምሸጠው የአኩሪ አተር ቴምፔ ገና በጠዋቱ አለቀ። ከገበያ ስመለስ ላራስ ግቢው ውስጥ ሞተር ሳይክሏን ፈታታ ጨርቅ ላይ ዘርግታዋለች... የልጄ ነገር። ሃያ ዓመት ሞላት፣ ጥፍሯ ሥር ግን ሁልጊዜ ግሪስ።

"ለመሆኑ ይሄ ውድድርሽ ስንት ዓይነት ነው?" አልኳት። ምን እንደነካኝ እንጃ። እስከዛሬ ጠይቄያት አላውቅም።

ደስ አላት። ዓለም አቀፉ ሦስት ደረጃ አለው አለችኝ፤ ትንሹ፣ መካከለኛው፣ በቴሌቪዥን የምናየው ትልቁ። ሱቅ በሚሸጡ ሞተሮች የሚደረግ ሌላ የዓለም ሻምፒዮናም አለ። ከዚያ በታች የእስያ። ከዚያ በታች የአገር ውስጡ፣ ገበያ የምንመላለስባት ዓይነት ትንሿ ሞተር። እሷም ለሁለት ትከፈላለች፤ ጀማሪና ነባር።

"ሞተሩ አንድ ከሆነ ምኑ ነው የሚከፈለው?"

"ነጂው ነዋ እማዬ!" ብላ ሳቀችብኝ።

ገባኝ አልኩ። በደንብ የገባኝ ግን ይሄ ብቻ ነው፦ ዘንድሮ ጀማሪዎቹን እየመራች ነው። የቀረው አንድ ውድድር፣ ጥቅምት ላይ። ካሸነፈች ወደ እስያው ይልኳታል። ከሃያ ዓመት በላይ አይወስዱም፤ ዕድሏ ዘንድሮ ነው።

ሐምሌ 19

ጎረቤቴ ቡ ቱቲክ... ያቺ ምላሷ! ቴምፔ ልትገዛ መጥታ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት "ላራስ አሁንም ጀማሪዎቹ ጋ ናት እንዴ? የወንድሜ ልጅ እኮ በዓመቱ ነው ነባሮቹ ጋ የገባው" አለችኝ። ከንፈሯን እየመጠጠች።

ደሜ ፈላ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጀማሪ? ለካ ሰው ሲስቅብን ነው የከረመው?

ነሐሴ 2

ለነጻነት በዓል እዚሁ ከተማችን ሙንቲላን ውድድር አለ። ስታዲየሙ በር ላይ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። አሮጌ ጎማ ደርድረው መንገድ ያወጡለታል። ከኮሚቴው አንዱን ሰውዬ አውቀዋለሁ። ሄጄ ነባሮቹ ጋ አስመዘገብኳት። ሳልነግራት።

እራት ላይ ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ፓክ ጂዎ ሳያውቅ የትም እንዳልወዳደር ተነግሮኛል እኮ" አለች። ፓክ ጂዎ የቡድኗ ኃላፊ ነው። አማቱ ታመው ሱማትራ ሄዷል።

"የሰፈር ውድድር ነው! ማን ይቆጥረዋል? አንዴ ሰው ይይሽ። እኔስ እስከመቼ ነው ከንፈር የሚመጠጥብኝ?"

ማንኪያዋን መልሳ አነሳችና "እሺ በቃ" አለች፣ "ከኋላ ከኋላ ዞሬ እወጣለሁ። ለአንቺ ስል።"

ነሐሴ 14

ሦስተኛ!!! ልጄ ሦስተኛ ወጣች!

ከኋላ እሆናለሁ ያለችው ልጅ! እስከ መጨረሻው ዙር አምስተኛ ነበረች፣ ረጋ ብላ። እኔ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ "እለፊው! እለፊው እንጂ ላራስ!" ስል ድምፄ ተዘጋ። ዞር ብላ አየችኝ፣ እምላለሁ አይታኛለች። ኩርባው ላይ በውስጥ በኩል ገባችና ሁለቱን አከታትላ ጥላቸው ሄደች። አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የቡ ቱቲክ የወንድም ልጅ! ሰው መሀል ጨፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ!

ዋንጫውን ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጌዋለሁ። ላራስ ብዙም አልሳቀችም። ደክሟት ይሆናል።

ነሐሴ 23

ፓክ ጂዎ መጣ። ሻይ አቀረብኩለት፣ አልነካውም።

"ቡ ናርሲህ፣ ነባሮቹ ጋ ማን ነው ያስገባት?"

"እኔ ነኛ" አልኩት፣ ኮራ ብዬ። ኮራ ብዬ! አወይ እኔ...

ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ሕጉን ነገረኝ። ነባሮቹ ጋ ገብቶ እስከ ሦስተኛ የወጣ ሰው፣ ውድድሩ የትም ይሁን የት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነባር ነው። ወደ ጀማሪ መመለስ የለም። ድሮ ነባሮቹ ጀማሪ እየመሰሉ እየገቡ ዋንጫ ሲለቅሙ ነው አሉ ሕጉ የወጣው። የሰፈሩም ውጤት ሳይቀር ፌዴሬሽኑ ጋ ይደርሳል። ጥቅምት ላይ ጀማሪዎቹ ጋ አትሰለፍም።

"አራተኛ ብትወጣ ኖሮስ?" አልኩት።

"ምንም አይሆንም ነበር።"

ላራስ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

"አንቺ ታውቂ ነበር?"

"ከኋላ እሆናለሁ ያልኩሽ ለምን መሰለሽ እማዬ?"

"ታዲያ ለምን አለፍሻቸው?"

"ስትጮሂ ሰማሁሽ።"

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አላስታውስም። ይቅርታ ያልኳት ይመስለኛል። አፌን ብዘጋ ኖሮ... አፌን ብቻ!

ነሐሴ 24

የኮሚቴው ሰውዬ ጋ ሄድኩ። "ዋንጫውን እንመልሳለን፣ ስሟን ሰርዙት" ብዬ ለመንኩት። እግሩ ላይ መውደቅ ነው የቀረኝ።

"ቡ ናርሲህ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ያየውን እንዴት አድርጌ ልሰርዘው?" አለኝ።

እውነቱን ነው። ሰው ይይሽ ያልኩት እኔው ነኝ።

መስከረም 8

አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ምናለ ብትጮህብኝ? ሳህን ብትሰብር? "ደህና አደርሽ እማዬ"፣ "ደህና እደሪ እማዬ"... በቃ ይሄው ነው።

ጥቅምት 16

የመጨረሻው ውድድር ተደረገ። ሁለተኛ የነበረው የሶሎ ከተማ ልጅ የዓመቱ የጀማሪዎች ሻምፒዮን ሆነ። እስያ የሚሄደው እሱ ነው። ላራስ ፓክ ጂዎን ስታግዝ፣ የሌላ ሰው ጎማ ስትቀይር ዋለች አሉኝ። የሶሎውን ልጅ አቅፋ እንኳን ደስ ያለህ ብላዋለች።

እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር።

ኅዳር 20

ዛሬ እሁድ። ላራስ በጠዋት ተነስታ "ማጌላንግ ከተማ ሥራ አለን፣ ማታ እመጣለሁ" ብላ ወጣች። እኔም ወደ ገበያዬ።

ቴምፔ እየጠበስኩ የሞተር ጩኸት ሰማሁ። ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ። አንድ ሁለት አይደለም፣ ብዙ ነው። ውድድር አለ እንዴ? አጠገቤ የምትሸጠውን ሴትዮ "ዘይቱን እዪልኝ" ብያት ሄድኩ።

በሩ ጋ ሳልደርስ ድምፅ ማጉያው ሲጮህ ሰማሁት። "ነባሮች! ሁለት ዙር ቀረ! የሙንቲላኗ ላራስ ከፊት ናት!"

ማጌላንግ አላለችኝም?

ቆምኩ። ብገባ ታየኛለች... እንዳልመጣባት ብላ አይደል የዋሸችኝ? ከውጭ አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ሻርፔን አፌ ላይ ጭምቅ አድርጌ ይዤ እስኪያልቅ ሰማሁ። አንደኛ ወጣች። ነባሮቹ ጋ ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ ነው። ሰዉ ስሟን ይጠራል። ከመውጣቷ በፊት ተነስቼ ወደ መጥበሻዬ ተመለስኩ።

አመሻሽ ላይ መጣች። ፊቷን ፀሐይ መትቶታል።

"ሥራ እንዴት ዋለ?"

"ደህና ነው።"

ሩዙን አቀረብኩላት። አቀርቅራ በላች። እንኳን ደስ ያለሽ የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ናት... ዋጥኳት።

"ልጨምርልሽ?" አልኳት።

"በቃኝ እማዬ" አለች።