የዘጋሁት መስሎኝ

ለታላቋ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ እናቴ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽንስ ተሻለሽ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ትራስ ገዛሽ ወይስ ነገ ነገ እያልሽ ነው? ሥራውስ? ብርዱስ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷ ደረጃ ላይ ብቻ ያስቸግራታል። እኔም ጤነኛ ነኝ፤ ልቤ ግን አዝኗል። በተራ ልንገርሽ፤ ሳልቆጥር ማውራት እንደማልችል ታውቂያለሽ።

የላክሽልኝን ኮምፒውተር ሱቁ ውስጥ ከፎቶኮፒው አጠገብ አስቀመጥኩት። አስራ ስምንት ዓመት የሰው ማመልከቻ የጻፍኩት በድሮው ነው፤ እጄ ዓይኔን ሳይጠይቅ ይሄድ ነበር። አዲሱ ሁሉን ገለበጠብኝ። አንደኛ፣ መዝጊያዋ ኤክስ ቀኝ ጥግ ነበረች፤ እዚህ ግራ ጥግ ላይ ሦስት ባለቀለም ነጥቦች ተደርድረዋል። ሁለተኛ፣ ኮፒ ለማድረግ በትንሿ ጣቴ የምጫነው ቁልፍ አሁን ወደ አውራ ጣቴ ዞረ። ሦስተኛ፣ ገጹን ወደ ታች ስለው ወደ ላይ ይሄዳል። ጡረተኛው መምህር ማመልከቻውን ሲጠብቅ፣ አንተ ሰውዬ፣ ማሽኑ ነው የሚያዝህ ወይስ አንተ ነህ የምታዘው ብሎ ሳቀብኝ።

የጎዳኝ አራተኛው ነው። በድሮው ኤክሷን ከተጫንሽ፣ ተዘጋ ማለት ተዘጋ ነው። በአዲሱ ቀዩ ነጥብ መስኮቱን ከዓይን ይሰውራል እንጂ ሥራው ከኋላ ይቀጥላል። እኔ ይሄን በምን አውቄ? ባለፈው እሁድ ከአንቺና ከወንድምሽ ጋር በቪዲዮ አውርተን፣ ተሰናብተን፣ ቀዩን ተጫንኩ። ፊታችሁ ጠፋ። መነጽሬን ስጠርግ የወንድምሽ ድምፅ መጣ፤ አባባ አልሆነለትም፣ አሳዘነኝ አለ። አንቺ ደግሞ፣ እኔስ የላክሁለት ለዚሁ አይደል፣ ሱቁን ዝጋ ብንለው ይቀየመናል፣ ሲያቅተው ራሱ ይተወዋል አልሽ።

ሌላ ማጥፊያ ስለማላውቅ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት።

እናትሽ ለጤናህ አስበው ነው ትላለች። ይሁን። ግን ስጦታ ነው ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ያሳየሁት ወጥመድ ኖሯል? ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አሉ። የድሮውን ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም? ዘጠነኛ ክፍል እያለሽ በእርሳስ የጻፍሽልኝ ሃያ ሁለት ተራ ቁጥር ዛሬም ግድግዳው ላይ ነው። የመጨረሻው፣ አባባ ካቃተህ ጥራኝ ይላል። ካቃተህ ዝጋ አይልም።

አሁን ከጎኑ የራሴን ዝርዝር ለጥፌያለሁ። አንደኛው፣ ቀዩን ነጥብ አትመን ይላል። ይሄን ደብዳቤ የጻፍኩትም ያተምኩትም በአዲሱ ነው፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሱቁን እንድዘጋ ከፈለግሽ ፊት ለፊት ንገሪኝ፤ አባትሽ ነኝ፣ እሰማለሁ።

ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ወንድምሽን ሰላም በይው፤ እሱስ ቢያንስ አዝኖልኛል። እናትሽ ወገብሽን አደራ ብላለች።

አባትሽ
ከሱቄ፣ በሩ እንደተከፈተ
ሐሙስ፣ ጥር 23 ቀን