ስምሽን ይዤልሻለሁ

ለውድ እናቴ፣

የአላህ ሰላም በደጅሽም በጓዳሽም ይሁን። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ፣ የላክሁልሽ ቅባት ተስማማው? ዐይንሽ አሁንም ያለ መነጽር ክር በመርፌ ያስገባል? ፍየሏስ ወለደች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው የሚያስቸግረን።

እማዬ፣ አንድ ነገር ሳላስፈቅድሽ አድርጌያለሁና ሳትቆጪ ስሚኝ። የምንጠልፋቸውን ኮፍያዎች ነጋዴው የራሴ ሥራ ነው እያለ ሲሸጥ ማየት ስለመረረኝ፣ የራሳችን ድረ ገጽ ይኑረን ብዬ ከወንድሜ ከአትማን ጋር ወደ ባለኮምፒዩተሩ ላሊ ሱቅ ሄድን። ላሊ እንዳስረዳኝ መጀመሪያ ስም ይመዘገባል፤ ከዚያ ገጹ የሚቀመጥበት ቦታ ይከራያል፣ ሆስቲንግ ይሉታል። እንደገባኝ ከሆነ ስሙ የጀልባ ስም ነው፣ ኪራዩ ደግሞ ጀልባዋ የምትታሰርበት ወደብ። ሁለቱም በየዓመቱ ይታደሳሉ፤ አንዱ የያዘውን ስም ሌላው አይወስደውም።

ጣጣው እዚህ ላይ መጣ። በአውራጃችን ስም «የላሙ ኮፍያ» ብንል ተይዟል። በመንደራችን ስም «የሲዩ ኮፍያ» ብንልም ተይዟል። አትማን ጉሮሮውን ጠራርጎ «በቃ በእኔ ስም ይሁና፣ በኩሩ እኔ አይደለሁ?» አለ። ላሊ ጽፎ አየና ሳቀበት፤ «ወንድሜ፣ ዓለም በአትማን ተጥለቅልቃለች፣ ቀድመውሃል!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ሌላ ሰው የሌለው ስም የላችሁም?» ሲለኝ፣ ሳላስበው የአንቺ ስም ከአፌ ወጣ።

(ኤሻ እህቴ፣ ደብዳቤውን ስታነቢላት ጎረቤት ካለ፣ ይህችን ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ አንብቢላት።) ምዋናቱሙ አልሁ። አባባ ከሞተ ወዲህ በስምሽ ማን ጠርቶሽ ያውቃል? ለሰው ሁሉ የአትማን እናት ነሽ። ላሊ «ምዋናቱሙ ሲዩ» ብሎ አንድ ላይ ገጥሞ ፈለገና «በዓለም ላይ አንድም ሰው አልያዘውም» አለኝ። እንባዬ መጣ፣ እማዬ።

አትማን ግን ብድግ አለ። «የእናቴን ስም እንደ ዓሣ አደባባይ ላይ ልታሰጪው ነው? መንገደኛው ሁሉ ይጥራት?» እኔም «አንተን ስለወለደች ስሟን ተቀማች እንዴ?» አልሁት። ስንወጣ፣ ታውቂው የለ፣ አኩርፎ ሲታረቅ ድምፁ እንደሚቀጥን፣ «እሷ ራሷ ትጠየቅ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ስለዚህ ስሙን አስመዝግቤ ለአንድ ዓመት ይዤዋለሁ፤ ቦታውንም ተከራይተናል። ገጹን ግን አልከፈትነውም፤ ሰው ቢገባ ባዶ ነጭ ነው። እሺ ካልሽ፣ ያን ስትጠልፊው የከረምሽውን ኮፍያ በባለጀልባው በሼኩዌ እጅ ላኪልኝ፤ ፎቶውን ከስምሽ ሥር እናደርገዋለን። እምቢ ካልሽ ደግሞ ደረቅ ዓሣ ላኪልኝ፤ ይገባኛል፣ እየበላሁ ዝም እላለሁ። ስሙን ግን በየዓመቱ እያደስሁ አቆየዋለሁ፤ ማንም አይወስድብሽም።

ኤሻን ሳሚልኝ። ባሏ ፋማው ጣሪያውን ስላደሰልሽ አላህ ይስጥልኝ በዪው። ልጆቹን በየስማቸው ሰላም በዪልኝ። አትማንም እጅሽን ይስማል። ፖስታው ላይ እንደ ልማዱ «ለአትማን እናት» ብዬ ጽፌያለሁ፤ አንቺ ሳትፈቅጂ አልደፍርም።

ልጅሽ ሸምሳ
ሞምባሳ፣ አሮጌው ከተማ
ኦገስት 11 ቀን 2019