የተቀቀለው ካልሲ

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.
አምቦ

የአባትሽ የግራ እግር ትንሿ ጣት ሐሙስ ጠዋት ተቆረጠች።

ውድ ሲንቄ፣

ወንድምሽ በስልክ እንደነገረሽ አውቃለሁ። ጋዲሳ የሚያውቀውን ሁሉ ነግሮሻል፦ ብዙም እንዳላመማቸው፣ ቁስሉ ንጹህ እንደሆነ፣ ትናንት ወደ ቤት እንደተመለሱ። እኔ የምጽፍልሽ እሱ የማያውቀውን ነው። ካልሲውን አጥብበሽ አልሠራሽውም። ያጠበብኩት እኔ ነኝ።

አምና ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከእጃጂ በሚኒባስ የላክሽው ፌስታል ሲደርሰኝ ሁለት ጥንድ ካልሲ ነበረበት፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ የበጉ የራሱ ቀለም፣ ቡናማ። የበግ ፀጉሩን ራስሽ እንደፈተልሽው ክሩ ያስታውቅ ነበር፤ አንዳንድ ቦታ ወፈር ይላል። አፉ ላይ ላስቲክ አላደረግሽበትም። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ መታሰር እንደሌለበት ማንም ሳይነግርሽ አስበሽበታል። ከደብተር የተቀደደች ወረቀትም ነበረች። «በቀዝቃዛ ውሃ። በሻምፑ እንጂ በኦሞ አይሆንም። አይታሽ፣ አይጠምዘዝ። በፎጣ ጠቅልለሽ ውሃውን አስመጥጪው። ጥላ ላይ አንጥፊው እንጂ አትስቀዪው።»

ተናደድኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ለእኔ ንጹህ ማለት የፈላ ማለት ነው። ሹራብ ሠሪ እጥበት ልታስተምረኝ ነው ብዬ ወረቀቷን የከሰል ምድጃው ውስጥ ከተትኳት።

አባትሽ ቡናማዎቹን ሁለት ሳምንት አደረጓቸው። መሽተት ሲጀምሩ ወሰድኩና በብረት ድስት ጣድኳቸው። ኦሞ ጨመርኩ፣ በማማሰያ አገላበጥኳቸው። ከዚያ አሸኋቸው፣ ጠመዘዝኳቸው፣ ሽቦ ላይ ሰቀልኳቸው። ዕለቱን ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ሳወርዳቸው የአንደኛ ክፍል ተማሪ ካልሲ አክለዋል፤ እንደ ካርቶን ደርቀዋል። እንደገና አረጠብኳቸውና ውስጣቸው የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ከትቼ እየጎተትኩ አደረቅኳቸው። ርዝመቱ ተመለሰ። ስፋቱ አልተመለሰም።

በማግስቱ አባትሽ ሲያጠልቋቸው በር ላይ ቆሜ ነበር። ታገሉ።

«ጠበቡ እንዴ፣ አባባ?»

«ይሞቃሉ» አሉኝ።

የቤታችንን ደንብ ታውቂያለሽ። ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ እሳቸውም እኔ ፊት እግራቸውን አይገልጡም። የስንቱን ገበሬ እግር ጭኔ ላይ አስቀምጬ አክሜያለሁ፤ የእሳቸውን ግን በአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ቀን አላየሁም። «ካልሲዎን ያውልቁና ልይዎት» ለማንም በሽተኛ የምለው ነው፤ ለእሳቸው ግን ከአፌ አልወጣ አለ። ጋዲሳን «የአባባን እግር እይላቸው» አልኩት። እሺ አለና ረሳው።

ያየው በዘጠነኛው ቀን፣ እግራቸውን ሲያጥባቸው ነው። የደነደነው ሱፍ ትንሿ ጣት ሥር ተጣጥፎ እንደ ጠጠር ሲፈገፍጋቸው ከርሟል። ቆዳው ተከፍቷል። ስኳሩ እግራቸውን ስላደነዘዘው እሳቸው አልተሰማቸውም።

እኔ ያኔ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ቡናማውን የሚመስል ሌላ ጥንድ ገዝቼ በቦታው ልተካ ነው ያሰብኩት። አንዱን እግር ካልሲ በቦርሳዬ ይዤ ገበያ ሹራብና ካልሲ ወደምትሸጠው ወደ ሸምሲያ ሄድኩ። አገላብጣ አየችው።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«የባለቤቴ እህት።»

«ማን ገደለው?»

የቦርሳዬን ዚፕ ዘጋሁ።

«ቀቅለሽዋል» አለች። «ከእንግዲህ ለአሻንጉሊት ነው የሚሆነው።»

«ጨርቅ ሁሉ ይቀቀል የለም እንዴ?»

«አንቺ ነርስ አይደለሽ? ሕፃን ስታጥቢ ውሃው ይፈላል?»

«አይፈላም።»

«እንግዲህ የበግ ፀጉርም እንደዚያ ነው፣ እህቴ። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ትንሽ ሻምፑ፣ አሥር ደቂቃ መዘፍዘፍ። አይታሽም። ከዚያ ጥላ።»

የነገረችኝ ያቃጠልኳት ወረቀት ላይ የነበረውን ነው፤ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። የሚመስለውም አልተገኘም። እንዲህ ያለ እጅ ከየት ይመጣል ብላ መለሰችልኝ።

ከሸምሲያ በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን አንቺ መጣሽ። ጳጉሜ ነበር። የአባትሽን እግር ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ ብዙ አየሽው፤ ቀና ሳትዪ ጠየቅሽኝ።

«አጥብቤው ነው እንዴ፣ ዶርቃስ?»

«ትንሽ ጠበብ ያለ ይመስላል» አልኩሽ።

ጋዲሳ ከኋላ ቀጠለ። «እኔ ድሮም ብዬ ነበር፤ ቤት የተሠራ ነገር ለዚህ በሽታ አይሆንም።» እሱ እውነት መስሎት ነው። እኔ ግን ከሸምሲያ ዘንድ ተመልሼ ነበር፤ የምናገረውን አውቅ ነበር።

ሻይሽን ሳትጨርሺ ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ የሹራብ መርፌ እንዳልያዝሽ ሰምቻለሁ። የትምህርት ቤቱን የሹራብ ትእዛዝ እንኳ «እጄን አላምነውም» ብለሽ መለስሽ አሉ። ልጆቹ የአክስታቸው ኮፍያ ናፍቋቸው «አዳዳ ዘንድሮ ለምን ኮፍያ አልላከችልንም?» ሲሉኝ ሥራ በዝቶባት ነው እላለሁ። ስትደውዪ ስለ እግራቸው ብቻ ትጠይቂኛለሽ፤ እኔም ስለ እግራቸው ብቻ እመልሳለሁ። ቁስሉ ጥር ላይ ድኖ ነበር። ግንቦት ላይ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ታውቂዋለሽ።

ረቡዕ ዕለት ሆስፒታል አስገባናቸው። ካርድ ክፍል የበሽተኛውን ስም ሲጠይቁኝ ወረቀት ላይ ጽፌ አቀበልኩ፤ ጸሐፊዋ ድዳ መሰልኳት መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ጋዲሳ መድኃኒት ሊገዛ ወጣና ሁለታችን ብቻ ቀረን። አባትሽ ጣሪያውን እያዩ ነበር።

«እኔ እኮ እራት መስሎኝ ነበር» አሉ።

«ምኑ፣ አባባ?»

«ድስቱ። ምን ተሠራ ብዬ ከፈት ሳደርገው ካልሲዬ ነው።»

ሳቁ። ሳል እስኪይዛቸው ነው የሳቁት። እኔ የአልጋውን ብረት ይዤ ቆምኩ።

«አይተው ነው ዝም ያሉት?»

«ምን ልበልሽ? ምራት በካልሲ ትወቀሳለች?»

«ታዲያ ለምን አላወለቁትም?»

«እሷ ሠራችው፣ አንቺ አጠብሽው። ባወልቀው ሁለታችሁን ማስቀየም ሆነብኝ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ለሲንቄ ንገሪያት። እኔ ብነግራት አንቺን መክሰስ ነው። እስክትነግሪያት ብዬ ዓመት ጠበቅሁ፤ አሁን ግን ጣቴም ሊሄድ ነው።»

ይኸው ነው፣ ሲንቄ። እሳቸው ዓመቱን ሙሉ ያውቁ ነበር። ገበታ ባቀረብኩ ቁጥር እያወቁ ነበር የሚመርቁኝ።

ትናንት ቤት እንደገቡ ቀኝ እግራቸውን በረዳቸው። «የሲንቄን አምጪልኝ» አሉኝ፤ ጥቁሮቹን ማለታቸው ነው። ጋዲሳ እነዚያን ካልሲዎች በዚህ ቤት እንዳላይ ብሎ ሣጥን ውስጥ ከቷቸው ነበር። ዛሬ አወጣኋቸው። ሣጥን ሣጥን ይሸታሉ። ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አደረግሁ፣ አንድ ክዳን ሻምፑ። አላሸኋቸውም፤ በመዳፌ ጫን ለቀቅ አደረግኳቸው። እዚያው ሳፋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ፤ ወረቀቱ እዚህም እዚያም የራሰው ለዚህ ነው። አሥሩ ደቂቃ ካለፈ ቆየ።

ሥራሽን ጀምሪ ብዬ አላዝሽም። ይቅር በዪኝ ማለትም ዛሬ ለእኔ የቀለለ ነገር ሆኖ ታየኝ፤ ስትፈልጊ ይቅር ትዪኛለሽ። እንድታውቂው የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የለካሽው ልክ ነበር። ጣታቸውን የወሰደው የእኔ ድስትና የእኔ ኩራት ነው፤ እጅሽ የለበትም።

ለጋዲሳ የምነግረው ይህ ደብዳቤ እጅሽ ከገባ በኋላ ነው ብዬ ነበር። አሁን ግን በረንዳው ላይ ሆኖ በስልክ ሲያወራ ይሰማኛል። ካንቺ ጋር ነው። «አታልቅሺ እንጂ» ይልሻል። «ሲንቄ፣ ስሚኝ፣ ሆን ብለሽ አላደረግሽው። ሹራብ ሠሪ እንጂ ሐኪም አይደለሽም፤ ከየት ታውቂዋለሽ?» ይልሻል።

ወረቀቱን ሰኞ በእጃጂ ሚኒባስ እልክልሻለሁ። በአፍ ብቻ ከሆነ በኋላ ላለዝበው እችላለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ካልሲዎቹ አልተለቀለቁም፣ አረፋቸው እንዳለ ነው። ይቆዩ። ስልኩን ልቀበለው ወጣሁ።

ዶርቃስ