ባዶውን የሚዞር ሞተር

ሐምሌ ፳፰፣ ከጧቱ ፪ ሰዓት።
ሞተሩ ተነሥቷል፤ እህል ግን የለም። ዝናብ። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ናፍጣ የጫነው መኪና ከአኖ ከተማ ማዶ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀርቷል አሉ። የቀረን አንድ በርሜል። እርሱ ካለቀ ወፍጮ ቤቴ መንገዱ እስኪደርቅ ይዘጋል፤ የሰፈራችን የጨለለቂ ሴቶችም በእጃቸው ሊፈጩ ነው።

ሐምሌ ፴፣ ከሰዓት በኋላ።
ናፍጣው የሚያልቅበትን ምክንያት ስመረምር ዋልሁ። ወፍጮውን ከሞተሩ የሚያያይዘው ቺንጋ ላልቶ ይንሸራተታል፤ አስጠበቅን። ድንጋዩ ዶልዱሞ አንዱን ጤፍ ሁለት ጊዜ ያስፈጨናል፤ አስወቀርን። ይህ ሁሉ ግን ጥቂቱ ነው። አንዲት ሴት ቁና ጤፍ ይዛ ትመጣለች፣ ይፈጭላታል፣ ትሄዳለች፤ ሞተሩ ሌላዋ እስክትመጣ ባዶውን ይጮኻል። ለምን አናጠፋውም አለኝ፣ ሞተሩን የሚይዘው ኦቦ ገመቹ። ድምፁን ካልሰሙ ተዘግቷል ብለው ይቀራሉ አልሁት። ሳቀብኝ፦ «ጌታዬ፣ ነቀምቴ ውስጥ ይህን ወፍጮ የማያውቅ ትናንት የተወለደ ነው!»

በዚያው ቀን፣ ሲመሽ።
መልሴ እውነት አልነበረም። ባለቤቴ ካረፈች፣ ልጆቼም ወደየትዳራቸው ወደ ሸዋ ከተበተኑ ወዲህ፣ ያ የብረት ጩኸት ጸጥ ባለ ጊዜ ቤቱ በላዬ የሚከብደውን ክብደት ለአንቺ ለማስታወሻዬ እንኳ ለመጻፍ ብዕሬ ይፈራል።

ነሐሴ ፪።
አዘዝሁ። ለአንድ ጊዜ የሚበቃ እህል ሳይሰበሰብ ሞተር አይነሣም። ሴቶቹ ከጣሪያው ጥግ ሥር ይጠባበቃሉ። ጎረቤቴ ጫልቱ፣ ጴንጤዋ፣ ገና ከበሩ ስትገባ፦ «አከም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ አባ? ሞተሩም እንደ እርስዎ ፍልሰታን ይጾማል እንዴ?» ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ጸጥታ።

ነሐሴ ፭።
ኦቦ ገመቹ በርሜሉን በእንጨት ለክቶ መጣ፤ እስከ መስቀል ያደርሰናል አለ። ተመስገን። ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈልጌ ወጣሁ። ሴቶቹ በኦሮምኛ ያወጋሉ፤ ግማሹ ይገባኛል፤ ስለ አንዲት አማት ነው፣ ይንከተከታሉ። ሲያዩኝ ሁሉም ከተቀመጡበት ተነሡ። በእግዚአብሔር፣ ተቀመጡ ብዬ ለመንሁ። ተቀመጡ፤ ወጋቸው ግን አልተመለሰም። ጥቂት ቆሜ ዝናቡን የማይ መስዬ ገባሁ።

ነሐሴ ፮፣ ማለዳ።
ቆርጫለሁ። ዛሬ ከሁሉም ቀድሜ ወጥቼ ከጣሪያው ሥር፣ ከጆንያዎቹ አጠገብ እቀመጣለሁ። ሰው የሚነሣው ለሚመጣ ነው፤ አስቀድሞ ተቀምጦ ለቆያቸው ሽማግሌ ግን ማን ይነሣ—

የግቢው በር መሸጎሪያ ተንቀሳቀሰ፤ ሴቶቹ መምጣታቸው ነው። ልቅደም።